ምዕራፍ ሰባት፦ ከገጹ ጀርባ ያለው መዝገብ

በሦስተኛው ምዕራፍ ከርነል የተባለው የሥርዓቱ እምብርት ማሽኑን ከፕሮግራሞች ጋር እንዴት እንደሚያገናኝ አይተናል። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ የክፍት ምንጭ ፈቃድ ለተጠቃሚው የሚሰጠውን መብት ተመልክተናል፤ ኮዱን ማየት፣ መለወጥ፣ የለወጡትንም መልሶ ለሌላው ማካፈል። በእነዚያ ገጾች ሁሉ ግን አንድ ነገር ሳይጠየቅ አልፏል። «መስኮቱን ይክፈቱ፣ ምልክቱን ይጫኑ» እያልን ስንጽፍ ተጠቃሚው ስክሪኑን እንደሚያይ አድርገን ነበር። የማያየውስ? ሊኑክስን የመሰለ ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለዓይነ ስውር ሰው ምን ያህል ክፍት ነው? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄውን ነቀምቴና በዙሪያዋ ባሉት የወለጋ ከተሞች ላይ አቁመን እንመርምረው። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛው ታሪክ ነው፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርትን ታሪክ የጻፉ ምሁራን በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውራን መደበኛ ትምህርት የተጀመረው በ1917 ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ፣ በአሜሪካ ሚሲዮናውያን እጅ እንደሆነ መዝግበዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባኮም የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናት። ሁለተኛውና ለምዕራፋችን የሚከብደው ምክንያት ቋንቋ ነው። እዚህ ያለ ተማሪ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ያድጋል፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአማርኛ ይደርሰዋል፣ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ኮምፒውተሩ በሦስቱም ካልተናገረለት ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ዝም ይልበታል። የጥቂት ሰዎች ጉዳይም አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከአገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ሌላ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳይቷል።

ስክሪን ሪደር ስክሪን አያነብም

ዓይነ ስውራን በኮምፒውተር የሚሠሩት ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ብዙ ሰው ስክሪኑን እንደ ካሜራ ቃኝቶ ፊደል የሚለቅም ነገር ይመስለዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው። ከነጥቦቹ የትኞቹ ቁልፍ፣ የትኞቹ ጽሑፍ፣ የትኞቹ ጌጥ እንደሆኑ የሚለየው የሚያየው ሰው አእምሮ እንጂ ማሽኑ አይደለም። ስለዚህ ስክሪን ሪደሩ መረጃውን ከሌላ ቦታ ማግኘት አለበት።

ጊምቢ ውስጥ ያለ የቡና መጋዘን እናስብ። ባለቤቱ ነቀምቴ ሆኖ በስልክ ይጠይቃል፣ ስቶር ኪፐሩ ይመልሳል። የሚመልሰው ግን ጆንያዎቹን እየዞረ እየቆጠረ ሳይሆን ከመዝገቡ እያነበበ ነው። መዝገቡ የሚያዘው ሦስት ነገር ነው፤ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ስሙ ምን እንደሚባልና አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ። ጆንያ ገብቶ ካልተመዘገበ፣ ነቀምቴ ላለው ሰው ያ ጆንያ የለም። ወጥቶ ካልተሰረዘ ደግሞ የሌለ ዕቃ ይሸጣል። መዝገቡ ላይ ስም ካልተጻፈ ስቶር ኪፐሩ «አንድ ጆንያ አለ» ከማለት በቀር ሌላ የሚለው የለውም።

እያንዳንዱ ፕሮግራም ከሚያሳየው ገጽ ጀርባ እንዲህ ያለ መዝገብ መያዝ ይችላል። እዚህ ቁልፍ አለ፣ ስሙ «አስቀምጥ» ነው፣ አሁን መጫን ይቻላል። እዚህ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለ፣ ስሙ «በደንቡ ተስማምቻለሁ» ነው፣ ምልክት አልተደረገበትም። ስክሪን ሪደሩ ይህን መዝገብ ተቀብሎ ለድምፅ አውጪው ፕሮግራም ወይም ለብሬይል ማሳያው ያቀብላል። በሊኑክስ ዓለም መዝገቡን ከፕሮግራሙ ወደ ስክሪን ሪደሩ የሚያጓጉዘው መንገድ ኤቲ-ኤስፒአይ ይባላል። ስሙን መርሳት ይቻላል፤ መርሳት የማይቻለው መዝገቡን የሚጽፈው ፕሮግራሙን የሠራው ሰው መሆኑን ነው። የፕሮግራሙ ሠሪ በሥዕል ብቻ የተሠራ ቁልፍ አስቀምጦ ስም ካልሰጠው፣ የሚያይ ሰው የዲስክ ሥዕሉን አይቶ «ማስቀመጫ ነው» ይላል፣ ዓይነ ስውሩ ግን «በተን» የሚል ቃል ብቻ ይሰማል። አሥር እንዲህ ያሉ ቁልፎች ከተደረደሩ «በተን፣ በተን፣ በተን» እያለ ይቀጥላል፤ የትኛው ፋይሉን እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛው እንደሚሰርዝ በሙከራ ማወቅ ነው።

ዛሬ ሥዕል የሚያውቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስላለ መዝገቡ ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚል ክርክር ይሰማል። ማሽኑ ገጹን አይቶ ይንገረን ነው ነገሩ። መዝገብ ለሌለው አሮጌ ፕሮግራም ይህ ረዳት ሊሆን ይችላል፣ ግን ግምት ነው። ባንክ ገንዘብ ሲልኩ «ይህ ቁልፍ ላክ የሚል ይመስለኛል» የሚል ረዳት አያስተማምንም። ፕሮግራሙ ራሱ ቁልፉ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሚያውቀውን እንዲናገር ማድረግ፣ የማያውቅ ሌላ ማሽን እንዲገምት ከማሠልጠን ይቀላል፣ ይረክሳልም።

ድምፁ ከመቼ ይጀምራል?

የሚያይ ሰው ባዶ ኮምፒውተር ገዝቶ ሲስተም ሲጭን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አንሥቶ ገጹን ያያል። ዓይነ ስውሩ ግን ሲስተሙ ተጭኖ፣ ተስተካክሎ፣ ስክሪን ሪደሩ በርቶ እስኪያበቃ በሰው እጅ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር፣ ፍላሽ ዲስክ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት መጠበቅ ማለት ነው። ከነቀምቴ ርቆ መንዲ ወይም ነጆ ላለ ሰው ያ ጎረቤት ቶሎ ላይገኝ ይችላል።

ክፍት ሥርዓቶች ከሁሉም በላይ ያማሩት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የመጫኛ ማውጫው ሲደርስ ቢፕ ይላል፤ በዚያን ጊዜ ተጠቃሚው የኤስን ፊደል ተጭኖ ኤንተር ቢል መጫኛው መናገር ይጀምራል። ቋንቋ መምረጥ፣ ዲስክ መከፋፈል፣ የይለፍ ቃል መስጠት፣ ሁሉንም በጆሮ መጨረስ ይቻላል። ከዚያም ዐልፎ መጫኛው በድምፅ እንደተሠራበት ስለሚያስታውስ የተጫነው ሲስተም ሲነሣ እየተናገረ ይነሣል። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ደግሞ አልትን፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤስን አንድ ላይ መጫን ኦርካ የተባለውን ስክሪን ሪደር ያስነሣል፤ የመሞከሪያው ዲስክ ላይም ሳይቀር።

ይህ እንዲሁ የመጣ ቸርነት አይደለም፤ ጉዳዩ የገዛ ችግራቸው የሆነ ሰዎች የሠሩት ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ያየነው ከርነል ውስጥ ስፒክአፕ የሚባል ስክሪን ሪደር አለ። ጀማሪው ከርክ ራይዘር ዓይነ ስውር ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ከርነሉ የመሸጋገሪያ ክፍል ገብቶ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ሙሉ የከርነሉ አካል ሆኗል። ቢአርኤልቲቲዋይ የተባለው የብሬይል ማሳያዎችን ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው፤ ለዓመታት ካቆዩት መካከል ዴቭ ሚልኬ ዓይነ ስውር ነው። በዚያው ዓመት ዓይነ ስውሩ ሕንዳዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ቲ. ቪ. ራማን ኢማክስፒክን አውጥቷል፤ ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ወደ ተናጋሪ የሥራ ጠረጴዛ የለወጠ ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች የማንንም ኩባንያ ፈቃድ አልጠየቁም። ኮዱ ክፍት ስለነበር ገብተው ሠሩት።

መዝገብ ያዡ ሲባረር

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ክፍት መሆን ተደራሽ መሆን ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ስህተት ነው፤ ታሪኩም ይህን በግልጽ ያሳያል። ኦርካ የተወለደው ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ኖም የተባለው የሊኑክስ የገጽታ ሥርዓት አካል ሆነ። በ2010 ኦራክል ሰንን ሲገዛ በተደራሽነት ላይ የሚሠሩትን ባለሙያዎች፣ የኦርካን መሪ ዊሊ ዎከርን ጨምሮ፣ አሰናበተ። በቀጣዩ ዓመት ኖም ወደ ሦስተኛው ትውልዱ ሲሸጋገር መዝገቡ የሚጓጓዝበት መንገድ እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት፤ አዲሱ ሥርዓት ሲወጣ ቀድሞ ይናገር የነበረ ብዙ ነገር ዝም አለ። መጋዘኑ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር ጆንያዎቹ ተጓዙ፣ መዝገቡ አሮጌው ቤት ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ዌይላንድ ነው። የሊኑክስን ገጽ የሚሥለው አሮጌው ዘዴ ኤክስ አንድ ፕሮግራም የሌላውን የቁልፍ ምት እንዲሰማ ይፈቅድ ነበር፤ ይህ ለሰላይ ፕሮግራም በር ነው። ዌይላንድ በሩን ዘጋ። ጥሩ አደረገ፤ ችግሩ ግን ስክሪን ሪደርም የሚሠራው የቁልፍ ምቶችን በመስማት መሆኑ ነው። ተጠቃሚው «ቀጣዩን መስመር አንብብ» ለማለት የሚጫናቸውን ቁልፎች ኦርካ መስማት አለበት፤ ፕሮግራሙ ራሱ ደግሞ እነዚያን ቁልፎች እንዳይቀበል መከልከል አለበት። ጥበቃው ሌባውንና ስቶር ኪፐሩን ሳይለይ ሁለቱንም ከበር መለሰ። ለዚህ በቂ መፍትሔ ኖም ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2025፣ በ48ኛው እትም ነው። ዓመታት ወስዷል ማለት ነው።

ተቺዎች እዚህ ላይ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ክፍት ሶፍትዌር የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው፤ ዛሬ ያለ ሰው ነገ ይሄዳል፤ ዓይነ ስውር ተማሪ ትምህርቱን እንዲህ ባለ ነገር ላይ ሊያስይዝ አይገባም ይላሉ። የሚሉት እውነት አለው። ግን ንጽጽሩ ይሟላ። ሰን ውስጥ የነበረው ሥራ ዝግ ቢሆን ኖሮ ባለሙያዎቹ ሲባረሩ ኦርካም አብሮ ይሞት ነበር። ኮዱ ክፍት ስለነበር ጆአንማሪ ዲግስ ተረክባው እስከ ዛሬ አቆይታዋለች። በ2023 ደግሞ የጀርመን መንግሥት ያቋቋመው ሶቨሪን ቴክ ፈንድ ለኖም ፕሮጀክት 1 ሚሊዮን ዩሮ ሲሰጥ ተደራሽነት ከሥራዎቹ አንዱ ሆነ። ክፍትነት የሚሰጠው መብት እንጂ ዋስትና አይደለም፤ የተበላሸው ነገር በተጎዳው ሰው ወይም በወኪሉ እጅ ሊጠገን የሚችል መሆኑን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። መብቱን የሚጠቀም ሰው ከሌለ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሦስት ቋንቋ በአንድ ጆሮ

ለወለጋ ይህ መብት ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ድምፁ ላይ ነው። መዝገቡ ተሟልቶ ቢጻፍ፣ ኦርካም በትክክል ቢያነሣው፣ ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚለውጠው የመጨረሻው ክፍል ቋንቋውን ካላወቀ ሁሉም ከንቱ ነው። የግዕዝ ፊደል የማያውቅ ድምፅ የአማርኛ ደብዳቤ ሲደርሰው ወይ ይዘለዋል፣ ወይ ትርጉም የሌለው ነገር ይቆጥራል። አፋን ኦሮሞ ላይ ችግሩ የሚብስ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የተደበቀ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ የእንግሊዝኛው ድምፅ «አውቀዋለሁ» ብሎ ያነበዋል። «ጥ» የሚጻፍበትን ፊደል እንደ «ኤክስ»፣ «ጭ» የሚጻፍበትን እንደ «ሲ» አድርጎ ይጠራዋል። ሰሚው የራሱን ቋንቋ ከባዕድ አፍ እየሰማ የትኛው ቃል እንደነበር ለመገመት ይደክማል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሠራ ነገር አለ። ኢስፒክ የተባለውን ድምፅ አውጪ ጆናታን ዳዲንግተን የጀመረው ለሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ቅርንጫፉ ወጣ። ከመቶ በላይ ቋንቋዎች ይናገራል፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ሁለቱም በውስጡ አሉ። ጠቅላላ መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። የመጨረሻውን ነጥብ ወለጋ ላይ ያለ ሰው አቅልሎ አያየውም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ድምፁ ሩቅ አገር ካለ ሰርቨር የሚመጣ ኮምፒውተር በዚያ ወቅት ለዓይነ ስውር ባለቤቱ ዲዳ ሳጥን ነው፤ የሚያየው ባለቤት ግን ቢያንስ ያስቀመጠውን ፋይል ይከፍታል።

«ድምፁ ግን የብረት ነው፣ ማን ይሰማዋል?» ይባላል። ኢስፒክ እንደ ሰው አይናገርም፣ እውነት ነው። ልማድ ያለው ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ግን የሚፈልገው የዜና አንባቢ ለዛ አይደለም። መጽሐፍ ሲያገላብጥ፣ ማውጫ ሲፈልግ፣ ድምፁን ከተራ ንግግር ሁለት ሦስት እጥፍ አፍጥኖ ይሰማል፤ በዚያ ፍጥነት ግልጽ የሚሆነው ደረቁ ድምፅ ነው። ቁልፍ እንደተጫነ ወዲያው መመለሱም ከለዛው ይበልጣል። አዲሶቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ድምፆች ለረጅም ንባብ ደስ ይላሉ። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን የሚናገር ሞዴል አውጥቷል፤ አማርኛም አለበት። ነገር ግን ለማሠልጠን የዋለው ድምፅ በአብዛኛው የአዲስ ኪዳን ንባብ ነው፣ ፈቃዱም ለንግድ መዋልን ይከለክላል። በአምስተኛው ምዕራፍ ባየነው መስፈርት ይህ ሙሉ ክፍት አይደለም።

ከቋንቋዎቹ የትኛው ለማሽን ይቀላል ቢባል፣ አማርኛ አንባቢ ደስ ላይለው ይችላል፣ አፋን ኦሮሞ ነው። ቁቤ የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ ይጽፋል፣ ረጅሙንም አናባቢ ደግሞ ይጽፋል፤ «መሬት» እና «ለስላሳ» የሚሉት ሁለት የኦሮምኛ ቃላት በጽሑፍ የሚለዩት በአናባቢ ርዝመት ነው፣ ማሽኑም ከጽሑፉ ያገኘዋል። አማርኛ ግን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው፣ «አለ» ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት፤ ደንብ ብቻ የሚከተል ማሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይስታል። በዚህ ላይ «ት/ቤት» እና «ወ/ሮ» አሉ፤ ማሽኑ ካልተነገረው እዝባሩን ራሱን ያነበዋል። ስለዚህ በትንሽ ድካም ብዙ ፍሬ የሚገኘው አፋን ኦሮሞው ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ይቀራል። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ የደከሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነው። ቁቤን ብቻ የሚያውቅ ድምፅ ነቀምቴ ያረፈውን የኦነሲሞስን ሥራ ማንበብ አይችልም፤ ይህን የሚያስተካክል ኩባንያ መቼም አይመጣም፣ ገበያ የለውማ።

«ዊንዶውስና ኤንቪዲኤ አይበቃም ወይ?»

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚነሣው ከባድ ተቃውሞ ይህ ነው። በአገራችን ያሉ ዓይነ ስውራን አብዛኛውን የተማሩት ዊንዶውስ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዶ/ር ታምሩ በላይ እንደመሠረቱት የዓይነ ስውራን አዳፕቲቭ ቴክኖሎጂ ማዕከል ያሉ ተቋማት መንገዱን ከፍተዋል፣ ልምድም ተከማችቷል። ያንን ትቶ ሊኑክስ መማር ለምን? ዌብኤም የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ ባደረገው ዓለም አቀፍ የስክሪን ሪደር ተጠቃሚዎች ዳሰሳ ጆውስን ዋና መሣሪያዬ ያሉት 40.5 በመቶ፣ ኤንቪዲኤን ያሉት 37.7 በመቶ ናቸው፤ ሁለቱም የዊንዶውስ ናቸው።

ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሰው የለመደውን ይተው የሚል ክርክር እዚህ የለም። ነገር ግን ሁለቱን ስሞች ቀረብ ብለን እንይ። ጆውስ በዶላር የሚገዛ ዝግ ፕሮግራም ነው፤ ፈቃዱ ውድ ሲሆን፣ ያልገዛው ሰው 40 ደቂቃ ብቻ ይሠራለትና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ይኖርበታል። ኤንቪዲኤ ግን ክፍት ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ነው፣ በዚያ ዋጋ መናደዱም አንዱ ምክንያት ነበር። ነጻና ክፍት የሆነው ፕሮግራም ውድ የሆነውን ሊደርስበት ጥቂት መቶኛ ብቻ ቀርቶታል። ይህ የምዕራፉን ክርክር ያጠነክራል እንጂ አያፈርስም። ከዚህም በላይ ኤንቪዲኤ አብሮት ይዞት የሚመጣው ድምፅ ኢስፒክ ኤንጂ ነው። ኦሮምኛው ኢስፒክ ላይ ቢስተካከል ኡቡንቱ የሚጠቀመውም፣ ዊንዶውስ የሚጠቀመውም፣ ኢስፒክን አንድሮይድ ስልኩ ላይ የጫነውም እኩል ይጠቀማል። ክርክሩ ሊኑክስ ወይስ ዊንዶውስ ሳይሆን የትኛው ንብርብር በእኛ እጅ ይገባል የሚል ነው።

የሊኑክስ ቦታ ታዲያ የት ነው? አንዱ አሮጌ ማሽን ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ያሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ወደ 11ኛው ማደግ አይችሉም። እነዚያ ማሽኖች ላይ ቀለል ያለ ሊኑክስ ከኦርካ ጋር መጫን የሚከፈልበት ፈቃድ አይጠይቅም። ሌላው ቦታ የፕሮግራም ሙያ ነው፤ የዓለም ሰርቨሮች በአብዛኛው ሊኑክስ ናቸው፣ የሚታዘዙትም በጽሑፍ ትእዛዝ ነው። ጽሑፍ ደግሞ ለስክሪን ሪደር ከሁሉ የቀለለ ነገር ነው። ሥዕል የሌለበት ጥቁር ገጽ ለሚያየው ያስፈራው ይሆናል፣ ለዓይነ ስውሩ ግን ሁሉም እኩል የሚቆምበት ሜዳ ነው።

«ስልክ አለ እኮ» የሚለውን ባጭሩ እናልፈዋለን። ስልክ ለመደወል፣ ለመልእክት፣ ለመስማት ይበቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሒሳብ ሰንጠረዥ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ የሚጻፈው ግን በኪቦርድ ነው።

የሚሠራው ሥራ

ታዲያ ምን ያህል ሥራ ነው? ድምፁ ላይ ያለው ሥራ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። ኢስፒክ ኤንጂ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ሁለት ተራ የጽሑፍ ፋይሎች አሉት። አንደኛው ደንብ ነው፤ ይህ ፊደል ከዚህ ፊደል አጠገብ ሲመጣ እንዲህ ይባል ይላል። ሁለተኛው ዝርዝር ነው፤ ከደንብ የሚያፈነግጡ ቃላት፣ ቁጥሮች፣ አሕጽሮተ ቃላትና የሥርዓተ ነጥብ ስሞች ይጻፉበታል። «ት/ቤት» ትምህርት ቤት ተብሎ እንዲነበብ የሚያስፈልገው እዚያ ዝርዝር ላይ መጻፍ ነው። ይህን ለመጻፍ የፕሮግራም ሊቅነት አያስፈልግም፤ የቋንቋ ዕውቀት፣ ትዕግሥትና ጆሮ ያስፈልጋል። የቋንቋ ትምህርት ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ ኦሮምኛ የሚናገሩ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ሰምተው ሲያርሙ፣ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ጆሮው የእነሱ መሆኑ የግድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በዚያ ድምፅ የሚኖረው ሰው የሚያስተውለውን ስህተት አልፎ ሂያጅ አይሰማውም።

መዝገቡ ላይ ያለው ሥራ ደግሞ የገዢው ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲያሠራ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ሠሪው መዝገቡን አይጽፍም፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ማንም ስላልጠየቀው። ከተሠራ በኋላ እንደገና መግባት ደግሞ ሥራውን በእጥፍ ያስከፍላል። መጋዘኑ ከሞላ በኋላ ጆንያ በጆንያ ቆጥሮ መዝገብ መጀመር ማን ይወዳል? ስለዚህ በርክክቡ ዕለት የሚፈጸም አንድ ፈተና ውሉ ውስጥ ይግባ። ማውሱ ይነቀል፣ ሞኒተሩ ይጥፋ፣ ኦርካ ወይም ኤንቪዲኤ ይብራ፤ ከዚያ የሥራ ክፍሉ ባለሙያ በኪቦርድ ብቻ አንዱን ቅጽ ከመጀመሪያው ሳጥን እስከ «አስገባ» ድረስ ሞልቶ ይላክ። ሠሪው ባለበት ቅጹ ካልተላከ፣ የመጨረሻው ክፍያ እስኪታረም ይቆያል።